የደንገጎ ጎማዎች

ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ሐረር ውስጥ የአንድ ቡና ነጋዴ ሹፌር ነበርሁ። ጌታዬ የጀጎል ተወላጅ ናቸው፤ መካ ደርሰው ስለተመለሱ ሰው ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። እኔ ከሸዋ መጥቶ እዚያው የቀረ ወታደር ልጅ ነኝ። መኪናዋ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ፈጣንና ጉልበተኛ ነበረች። በጀጎል ጠባብ መንገድ ስለማታልፍ ከግንቡ ፈላና በር ውጭ ታድራለች። በየቀኑ ጠዋት ሐጂን ይዤ በደንገጎ ቁልቁለት ድሬዳዋ እወርዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን።

ክረምት ሲገባ ችግር መጣ። ሞተሯ ብርቱ ነው፣ ጎማዎቿ ግን ተልጠዋል። ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር የኋላ እግሮቿ ጭቃው ላይ በባዶ ይሽከረከራሉ። አንድ ቀንማ መታጠፊያ ላይ ተንሸራታ ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ቆመች። ሐጂ ቀስ ብለው ወረዱና፣ «መሬት የሚቆነጥጥ ጎማ ካላገኘህ እኔ ከነገ ጀምሮ በበቅሎ ነው የምሄደው» አሉኝ።

ድሬዳዋ ላይ ጎማ የሚሸጥ አንድ ግሪክ ነበር። መጀመሪያ ያሳየኝ አዲስ ነው፤ ዙሪያውን ቀጫጭን መስመር ብቻ አለው፣ ለበጋ መንገድ እንጂ ለጭቃ አይሆንም። ከመጋዘኑ ጥግ ግን በጆንያ የተሸፈኑ ሌሎች አየሁ። ጥርሳቸው ጥልቅ ነው፣ እንደ ዓሣ አጥንት ግራና ቀኝ የተከፈለ። በጥፍሬ ጫን አደረግሁት፤ ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ መሬት ይይዛል።

«ይሄን ለምን ሸፈንከው?» አልሁት።

«አምና ደንገጎ ላይ የወደቀው መኪና ጎማ ነው። መኪናው ተሰባበረ፣ ጎማዎቹ ምንም አልሆኑም። እንዲህ ያለ በአገሩ ሌላ የለም።»

«ሹፌሩስ?»

«እንደምታውቀው ነው፤ አልተገኘም።»

ታሪኩን ሁላችንም ሰምተናል። መኪናው ከወደቀበት ገደል ሥር ፈልገው ሲያጡት ጅብ በልቶታል ተብሎ ቀርቷል። ወጥቼ ለሐጂ እንዳለ ነገርኋቸው። «ጎማ ነፍስ የለውም። ቢስሚላህ ብለህ ግጠመው» አሉ።

ገጠምሁት። ያን ቀን አቀበቱን ስንወጣ መኪናዋ ጭቃውን እንደ ፍየል እየቆነጠጠች ወጣች። ጠጠር ላይ ስንደርስ ብቻ ጥርሱ እንደ ንብ መንጋ እም የሚል ድምፅ ያሰማል። ለመድነው።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ ደንገጎን ጉም ሸፍኖት ስንወርድ ድምፁ ሁለት ሆነ። አንዱ ከእኛ ሥር ነው፣ ሌላው ከኋላችን። የሚከተለን መኪና ያለ መስሎኝ ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። የእኛው ዝም አለ። የኋላው ግን እየቀረበ መጣ፣ ያለፍነው መታጠፊያ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከጉሙ ውስጥ ምንም ነገር አልወጣም።

«ሰማህ?» አሉ ሐጂ።

«ሰምቻለሁ።»

ወርደን በእግራችን ወደ መታጠፊያው ተመለስን። ጭቃው ላይ የእኛ ዱካ አለ፣ የዓሣ አጥንቱ ቁልጭ ብሎ። ከእሱ አጠገብ ደግሞ ሌላ ዱካ አለ፤ ያው የዓሣ አጥንት፣ ያው እርጥብ። ከመንገዱ ወጥቶ የገደሉን ጫፍ ታክኮ ያልፍና ተመልሶ ከእኛው ዱካ ይቀላቀላል።

«በዚህ በኩል አልፈናል?»

«አላለፍንም፣ ሐጂ።»

«አዑዙ ቢላህ» አሉና ክንዴን ያዙ። ዱካው ጫፉን የታከከበትን ቦታ ሳይ ግን አንድ ነገር ገባኝ። የአምናው መኪና የተገኘው ከዚህ በታች፣ ሌላ መታጠፊያ አልፎ ነው። ሹፌሩ እዚህ ተወርውሮ ወድቆ መኪናው ብቻውን ሄዶ ከሆነስ? እዚህ ማንም አልፈለገም።

ከመንደሩ ገበሬዎች ጠርተን በጠፍር ወረዱ። ቁልቋል ውስጥ አጥንቱን፣ የቆዳ ቆቡንና ቀበቶውን አገኙ። ሐጂ ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡ፤ በእሱ ተጠቅልሎ ወጣ።

እናቱ ድሬዳዋ ነበሩ። ልጃቸው ይመጣ እንደሆነ ብለው ዓመቱን ሙሉ በራቸውን ሳይቀረቅሩ ያደሩ ሴት ናቸው። ቀበቶውን አይተው አለቀሱ፣ ቀበሩት። ከቀብር ስንመለስ ወደ እኔ ቀረብ ብለው፣ «እንዴት አገኛችሁት?» አሉኝ።

«መንገድ ላይ ዱካ አይተን ነው፣ እናቴ።»

«የማን ዱካ?»

ሐጂ ናቸው ከኋላዬ ሆነው የመለሱላቸው፦ «የእሱ።»

ሴትዮዋ አልደነገጡም። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቤታቸው ገቡ፤ መቀርቀሪያው ሲገባ ከውጭ ሰማሁት።

ጎማዎቹን ሐጂ አላስቀየሩኝም። ጥርሳቸው እስኪያልቅ ነዳኋቸው፤ አንድም ቀን አላንሸራተቱኝም፣ ሁለተኛውንም ድምፅ ዳግመኛ አልሰማሁም። ጉም ባለ ቀን ግን እዚያ መታጠፊያ ስንደርስ ሐጂ ሁልጊዜ ዳር እንድይዝ ያዝዙኛል። ለሌላ መኪና መንገድ እንደሚለቅ ሰው ጥቂት ቆመን እንጠብቃለን። ከዚያ «አሁን ሂድ» ይሉኛል።