ምልክቱን የጣለው ዓሣ

መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ባለው የጌጥ ዓሣ ማራቢያ ሥራ የጀመርኩት ከአረብ አገር በተመለስኩ በሁለተኛው ወር ነው። አሠሪዬ መምህር አለሙ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን መረብም ስፖንጅም አላስያዙኝም። አንድ የመስታወት ገንዳ ፊት በርጩማ አስቀመጡና "እስከ ምሳ ድረስ ተመልከቺ። ስንት ዓይነት ዓሣ እንዳለ ትነግሪኛለሽ" አሉኝ።

ግራጫ፣ ወርቃማ፣ ነጣ ያለና ዝንጉርጉር ለይቼ "አራት" አልኳቸው።

"አንድ ነው" አሉ። "ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።"

የተቀለደብኝ መሰለኝና ተናደድኩ። በማግስቱ ግን ሳይጠሩኝ በርጩማው ላይ ተቀምጬ አገኙኝ።

ዓሦቹ ሲክሊድ ይባላሉ፤ የጣናው ቆሮሶ የሩቅ ዘመዶች ናቸው። የእኛዎቹ ሲወለዱ ሁሉም ግራጫ ናቸው። የወርቃማነትን ዘረመል የወረሱት ጥቂት ወራት ይቆዩና ጥቁሩን መጣል ይጀምራሉ። መጀመሪያ ከሆድ ይለቃል፣ ቀጥሎ ከጎን፤ በመጨረሻ ፊታቸው ላይ ነጠብጣብ ይቀራል። እሱም ይሄዳል። አንዱ በሳምንታት ይጥለዋል፣ ሌላው ዓመት ይፈጅበታል። ዘረመሉን ያልወረሰው ዕድሜ ልኩን ግራጫ ነው።

መምህር ስለ ስም ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ለአንድ ቀለም ስም የሚወጣለት ሦስት ትውልድ ያንኑ ቀለም ሲወልድ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ነጋዴዎች እየደወሉ "የእሳት ንጉሥ አለዎት? የፀሐይ ልጅስ?" ሲሏቸው ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው "እነዚህ የሚያረቡት ስም ነው" ይሉኝ ነበር። ሁለተኛው፣ የሰው ስም ለዓሣ አይወጣም። መዝገባችን ላይ እያንዳንዱ ዓሣ ቁጥር ነበረው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው "እዚህ ቤት በየሳምንቱ የሚሞት አለ። ለሁሉ ስታለቅሺ ውሃውን ማን ይቀይራል?" አሉኝ።

ሥራው ከብርድ ጋር መታገል ነው። ጠዋት ቴርሞሜትሩን አነባለሁ፣ ከየገንዳው ሢሶውን ውሃ እቀይራለሁ፣ ስፖንጁን እጨምቃለሁ። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ ገንዳው ላይ አንሳፍፋለሁ። ሰፈሩ "የዓሣ አዋላጅ" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ለአየር ፓምፑ ባትሪ ስለነበረን ግን መብራት በጠፋ ቁጥር የሚቀልድብኝ ሁሉ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ እኔው ዘንድ ይመጣል።

እትዬ ሀዋን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው። ገበያ በርበሬ ይሸጣሉ። ልጃቸው ሰሚራ አረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ አራት ዓመት አልፎ ነበር። ስልካቸው ለአንዲት ሰዓት እንኳ እንዲጠፋ አይፈልጉም። ቻርጁ ሞልቶ እስኪያልቅ ከጎኑ ቆመው ይጠብቃሉ።

አንድ ጠዋት የአሥራ ሰባት ቁጥር ዓሣ ገንዳ ፊት ቆመው ቀሩ። ውስጡ ያለው ዓሣ ጥቁሩን ጥሎ ጨርሶ፣ ከግራ ዓይኑ ዝቅ ብሎ የባቄላ ፍሬ የምታህል አንዲት ነጥብ ብቻ ቀርታው ነበር።

"ይቺን ከየት አመጣሻት ፋጡማ?"

"ወንድ ነው፣ እትዬ ሀዋ። እዚሁ ነው የተፈለፈለው።"

ከመቀነታቸው ፎቶግራፍ አወጡና መስታወቱ ላይ ለጠፉት። ሰሚራ ግራ ጉንጯ ላይ፣ ከዓይኗ ዝቅ ብሎ፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ማርያም የሳመቻት የሚሉት ዓይነት ምልክት ነበራት። መጠኑም ቦታውም አንድ ነው። ዓሣው ወደ ፎቶው ተጠግቶ ቆመ።

"ስሟ ማነው?" አሉኝ።

ቁጥር ነው ማለት ነበረብኝ። ዓይናቸውን ሳይ አንጀቴ አልቻለምና "ሰሚራ" አልኳቸው። ነጥቧ እንደምትጠፋም አውቅ ነበር። እሱንም አልተናገርኩም።

"አልሀምዱሊላህ" አሉ። "ይቺ ካለች እሷም አለች።"

ገንዳውንም ዓሣውንም ሰጠኋቸው። መዝገቡ ላይ አሥራ ሰባትን ሰርዤ ስሙን ጻፍኩ። መምህር አዩት። "ስሙን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ ለሚሆነውም የምትጠየቂው አንቺ ነሽ" ብለው መዝገቡን ዘጉት።

በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄድኩ ውሃውን እቀይር ነበር። ዓሣውን ሁልጊዜ ስልኩ ወደተቀመጠበት መደርደሪያ ዞሮ ነው የማገኘው። የስልኩ መብራት ስቦት ነው ብዬ ስልኩን ወደ ሌላው ጥግ ወሰድኩት። ዓሣው ዞረ። በጨርቅ ጠቅልዬ ከኋላው አስቀመጥኩት። ያኔም ዞረ። መምህርን ስጠይቃቸው "እጅሽን ይከተላል፣ ምግብ የሚመጣው ከእጅ ነው" አሉኝ። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ከዚያ በኋላ ግን እዚያ ቤት ውሃ የምቀይረው ቶሎ ለመውጣት እየተቻኮልኩ ነበር።

ነጥቧ መሳሳት ጀመረች። መጀመሪያ ጠርዟ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ የምስር ፍሬ አከለች።

"አሟታል እንዴ?" አሉኝ እትዬ ሀዋ።

"ብርድ ይሆናል" አልኳቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ ገንዳውን ጋቢ ለብሶ አገኘሁት። እሳቸው በነጠላቸው ብቻ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት። ያን ቀንም አልተናገርኩም።

አንድ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ደጁ ላይ ቆመዋል። ስልካቸውን አልያዙም። ያለ ስልክ አይቻቸው አላውቅም።

"ነጥቧ ዛሬ የለችም። ልጄ ሞታለች" አሉኝ።

ያኔ ሁሉንም ተናገርኩ። ዘረመሉን፣ ጥቁሩ እንዴት እንደሚለቅ፣ ስሙን ከራሴ እንዳወጣሁት። "አፉ በሉኝ፣ እትዬ ሀዋ። ገና ስሰጥዎ አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ። መልሴን ሳይጠብቁም "ሐዘኔን ልታስረሺኝ ነው የምትቀባጥሪው" ብለው ሄዱ።

የሰፈራችን ሼህ "በዓሣ የሚነገር መርዶ የለም" ብለው ለመኗቸው፤ አልሰሙም። ለቅሶ ተቀመጡ፣ ሶደቃ አወጡ። በሶደቃው ቀን የዚያኑ ዓሣ ወንድሞች፣ ጉንጫቸው የጠራ ሦስት ወርቃማዎች፣ በሳፋ ይዤ ለቀስተኛው መሀል ገባሁ። መዝገቡን ገልጬ "ይኸው፣ እነዚህም ጥቁር ነበረባቸው። ሁሉም ጥለውታል። የዘራቸው ጠባይ ነው" አልኳቸው።

እትዬ ሀዋ ሳፋው ላይ አጎንብሰው አንድ በአንድ አዩዋቸው። ቀስ ብለው ቀና አሉና "ያ አላህ! የስንት እናት ልጅ አልቋል?" አሉ።

ሴቶቹ ሁሉ አብረው ጮሁ። ሳፋዬን ይዤ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም።

ስምንት ወር አለፈ። አንድ ቀትር ላይ ጭጋጉ መናኸሪያውን ውጦት ሳለ አንዲት ቀጭን ሴት ፌስታል ይዛ ሱቁ ገባች።

"የዓሣዋ ፋጡማ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። "ከአውቶቡስ ስወርድ ጎረቤታችን አይታኝ ቢስሚላህ ብላ ሮጠች። ሌላዋ ደግሞ በዓሣሽ የተነሣ እናቴ ለቅሶ ተቀምጣልኝ እንደነበር ነገረችኝ። ብቻዬን ብገባ ትደነግጣለች። ውሰጂኝ።"

ግራ ጉንጯን አየሁ። ምልክት የለም። በቦታው የሚያብለጨልጭ፣ ነጣ ያለ ቆዳ ነው ያለው።

"የፈላ ዘይት ነው" አለች፣ ሳልጠይቃት። አሠሪዋ ስልኳን ቀምታት ነበር። ከዚያ ቤት ጠፍታ ወጣች፣ ተያዘች፣ ታሰረች፣ በመጨረሻም ወደ አገሯ መለሷት።

አብረን ሄድን። ሁለት ጊዜ ልመለስ አሰብኩ፤ እጄን ይዛኝ ነበርና አልቻልኩም። እትዬ ሀዋ ደጃቸው ላይ በርበሬ ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩአት። አልጮሁም። ተነሥተው በነጠላቸው ጫፍ ጉንጯን ጠረጉት፣ አቧራ እንዳለበት። ደግመው ጠረጉት።

"እማ፣ እኔ ነኝ" አለች።

እሳቸው እጇን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧት። ገንዳው አሁንም ጋቢ ለብሷል፤ ስልኩ ይቀመጥበት የነበረው መደርደሪያ ባዶ ነው። ጋቢውን ገለጡት። ዓሣው ከመደርደሪያው ፊቱን መልሶ ሰሚራ ፊት መጥቶ ቆመ። እሷን አዩ፣ እሱን አዩ፣ መልሰው እሷን አዩ።

"ሁለታችሁም ጣላችሁት?" አሉ።

"አዎ፣ እማ።"

ያኔ ነው አንገቷ ላይ ተጠምጥመው የጮሁት። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

በማግስቱ ለመምህር ነገርኳቸው። መዝገቡን አወጡና የዓሣው ነጥብ የጠፋችበትን ቀን በጣታቸው አሳዩኝ። "ዘይቱ የፈሰሰባትን ቀን ጠየቅሻት?"

"አልጠየቅኳትም።"

"ጠይቂያት። እንጽፈዋለን።"

"አልጠይቃትም፣ መምህር።" እምቢ ያልኳቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እሳቸውም አላስገደዱኝም። ከቀኑ ጎን ያለው ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ሰሚራ ግን አሁን በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ውሃ በመቀየር ታግዘኛለች። ቀኑን ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት የአየር ፓምፑን ከፍ አደርገዋለሁ።

መምህር ካረፉ በኋላ ሥራውን እኔ ይዤዋለሁ። ገንዳዎቹ ላይ ያለው ቁጥር ነው፣ ስም የለም። ከቁጥሩ ሥር "ይህ ዓሣ ቀለሙን ይጥላል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ማንበብ ለማይችል ገዢ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ይህ መነገር ያለበት ሰው ዓሣውን ከመውደዱ በፊት ነው። እኔ ለእትዬ ሀዋ የነገርኳቸው ከወደዱት በኋላ ነበር።