የቀረ ይፈለግ

መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው። ደረቅ፣ ጠዋት ጠዋት የሚብስ ሳል። እኔም፣ የሥራ ጓደኞቼም፣ አከራዬም ያልነው አንድ ነገር ነበር፦ ብርድ ነው።

ማን ይፈርድብናል? የምሠራው ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነበር። በደርግ ጊዜ ኮምፒውተር እንደ ዛሬው በየኪሱ የሚዞር ዕቃ አይደለም፤ ንፋስ ስልክ በነበረው መሥሪያ ቤታችን አንድ ሙሉ ክፍል ይዞ፣ መስኮቱ ታሽጎለት፣ ሌት ተቀን ማቀዝቀዣ ይነፋለት ነበር። እሱ እንዳይሞቀው እኛ እንንቀጠቀጣለን። ፕሮግራም የምንጽፈው ሰዎች በሚያዝያ ፀሐይ እንኳ ካፖርት ደርበን ነው የምንገባው። ታዲያ እዚያ የዋለ ሰው ቢያስል ምን ይገርማል? ዝንጅብል ጠጣሁ። ፌጦ ዋጥኩ። መካኒሳ አቦ አጠገብ ቤት ያከራዩኝ እትዬ ጫልቱ ከላሞቻቸው ወተት ቀድተው እያመጡ፣ «ያ የበረዶ ቤትሽ ነው የሚጨርስሽ፣ ምናለ ብትተዪው!» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ቀሚሴ ሰፋኝ። ማታ ማታ አንሶላዬ በላብ ይርስ ጀመር። አንድ ጠዋት መሐረቤ ላይ ደም አየሁ።

ጎፋ ወዳለው ክሊኒክ ሄድኩ። አክታዬ ተመረመረ። ራጅ ተነሣሁ። ዶክተሩ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥተው ሲያዩት ቆዩ።

«ሳንባሽ ላይ ቲቢ አለ» አሉኝ። «ይድናል። መድኃኒቱን ካቋረጥሽ ግን እኔም አላድንሽም።»

አለቀስኩ። ያን ጊዜ የዚህን በሽታ ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ አልነበረም። ፈራሁ። ከሞቱ ይልቅ የፈራሁት የሰው ዓይን ነው።

ሕክምናው በየቀኑ ጠዋት የስትሬፕቶማይሲን መርፌ፣ ከእሱ ጋር ክኒን ነበር። መርፌው ለሁለት ወር፣ አይሶኒያዚድ የሚባለው ክኒን ደግሞ ከዓመት በላይ። መርፌው ሲበዛ ጆሮዬ ይጮህ ጀመር። መቀመጥም አቃተኝ። መንገዱ ላይ ሁለት ቦታ ሳላርፍ ክሊኒኩ አልደርስም ነበር።

መሥሪያ ቤት ስናገር ኃላፊያችን፣ «ጓድ ሰናይት፣ ክፍሉ የታሸገ ነው፤ ሳትድኚ እንዳትገቢ» አለኝ። በዚህ አልተቀየምኩም፤ እውነቱን ነበር። ያቃጠለኝ በማግስቱ ከተረኞች ሰሌዳ ላይ ስሜን ማጥፋቱ ነው። ታመምኩ እንጂ መቼ ሞትኩ?

የሚገርመው፣ ያን ጊዜ በእጄ የነበረው ሥራ ረጅም ሕክምና ላይ ያሉ በሽተኞችን የሚከታተል ፕሮግራም ነበር። መሞከሪያ የተመረጠውም ያው የጎፋው ክሊኒክ ነው። ማን ቀጠሮውን ጠበቀ፣ ማን ጨረሰ፣ ማን ቀረ፦ ማሽኑ ይህን እንዲናገር ነው የምንፈልገው። ኃላፊያችን ግን ገና ሳልታመም ጀምሮ አንድ ነገር ላይ ድርቅ ብሎብኝ ነበር። «ያልመጣ በሽተኛ ፋይሉ ይዘጋ። ወደ በላይ የሚሄደው ሪፖርት ንጹሕ መሆን አለበት» ይላል። ጤነኛ ሳለሁ ነገሩን በሆዴ ይዤው ቆይቻለሁ። መርፌ ልወጋ ስሰለፍ ከፊቴ የሚቆሙት ሰውዬ አንድ ቀን ቀርተው፣ በሳምንቱም ሳይመጡ ሲቀሩ ግን በሆዴ መያዙ አልሆነልኝም። የት ወደቁ? ማን ሄዶ አያቸው? በኃላፊያችን ሐሳብ ቢሆን እኒያ ሰውዬ ማሽኑ ውስጥ ተፈጥረውም አያውቁም!

«አልጽፈውም» ብዬ ላክሁበት። «የቀረ ይፈለጋል እንጂ አይሰረዝም።»

ሥራውን ቤቴ ወሰድኩት። ያን ጊዜ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚጻፈው በእርሳስ፣ በአራት ማዕዘን የተሰመረ ወረቀት ላይ ነው፤ ከዚያ ሌላ ሰው ማሽኑ ላይ ይተይበዋል። መስኮቴን ከፍቼ፣ አልጋዬ ላይ ትራስ ደግፌ ኮቦል በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ እጽፋለሁ። የምትተይብልኝ ጓደኛዬ ጽጌ በየሁለት ቀኑ ደጄ ድረስ እየመጣች ወረቀቱን ትወስዳለች። ወዳጄ ናት፤ ግን ፈርታለች። በኋላ እንደሰማሁት ቤቷ ስትደርስ ጀርሙ እንዲሞት ብላ ወረቀቴን በከሰል ካውያ ትተኩሰው ነበር! እንደ ሸሚዝ! መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ሳቅ ያዘኝ። ፈርተው ከራቁኝ ሁሉ፣ ተኩሳም ቢሆን የምትተይብልኝ ትሻለኛለች።

ፕሮግራሙ ለባለሥልጣናት በሚታይበት ቀን ጠዋት በጨለማ መኪና ተላከብኝ። ፕሮግራሙ ማሽኑ ላይ አልሠራ ብሎ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ በበሩ ስንጥቅ ጽጌን የተየበችውን መስመር በመስመር አስነበብኳት። አንድ መስመር ላይ ተንተባተበች።

«እዚህ ጋ... ካውያው አቃጥሎት ነበር። በግምት ነው የሞላሁት» አለችኝ።

ወይ ጽጌ! ልገላት ነበር። ግምቷ ከታች ያለውን ሁሉ አበላሽቶት ስለነበር ስናርመው፣ ስንሞክረው፣ ደግመን ስናርመው ረፈደ። እንግዶቹ መጡ። ዶክተሩም ከክሊኒኩ ላንድሮቨር ወርደው የዚያን ጠዋት የበሽተኞች ካርድ ይዘው ገቡ። ጽጌ ካርዱ ላይ ያለውን ማሽኑ ውስጥ አስገባች። በሩ ተዘጋ። እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ ቀረሁ።

የማተሚያው ድምፅ ተሰማኝ። ሠራ! እጄን አፌ ላይ ጭኜ አለቀስኩ።

በሩ ተከፈተና ዶክተሩ ወጡ። ያንን ሰፊ ወረቀት በእጃቸው ይዘዋል።

«አንቺ፣ ዛሬ መርፌሽን አልተወጋሽም።»

ደነገጥኩ። ጭራሽ ረስቼዋለሁ። «ማን ነገረዎት?»

«ማሽንሽ።»

ወረቀቱን ዘረጉልኝ። «ዛሬ የቀሩ፣ ሊፈለጉ የሚገባቸው» ከሚለው ሥር፣ በላቲን ፊደል፣ ስሜ ተጽፏል። የመጀመሪያው መስመር ላይ። ኃላፊያችን እንዳለው ጽፌው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ማሽኑ ራሴን ያጠፋኝ ነበር። ዶክተሩ ክንዴን ይዘው አስነሡኝ፣ በላንድሮቨራቸው ጎፋ ወሰዱኝና ተወጋሁ።

እኔ ከሄድኩ በኋላ ከእንግዶቹ አንዱ፣ «ታዲያ ይህ ማሽን የጠፋ ሰው ያገኛል ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ኃላፊያችን ሳያፍር፣ «አዎን ጓድ፣ እንደዚያ እንዲሠራ መመሪያ ሰጥተን ነው» አለ አሉ። ጽጌ ስትነግረኝ እስኪያስለኝ ሳቅሁ። ይበል! ፋይሉ አልተዘጋም፤ ለእኔ እሱ ይበቃኛል።

ወራት አልፈው አክታዬ ደጋግሞ ንጹሕ ሲሆን፣ ዶክተሩ መግባት ትችላለች የሚል ወረቀት ጻፉልኝና፣ ጉንጬ በእትዬ ጫልቱ ወተት ሞልቶ፣ ካፖርቴን ለብሼ ያንን ቀዝቃዛ ኮሪደር ሳልቆም ተሻገርኩት። ማንንም አላስፈቀድኩም። ጠመኔ አንሥቼ የተረኞች ሰሌዳ ላይ ስሜን ራሴ ጻፍኩት፣ ከሌሎቹ ተለቅ አድርጌ። ያጠፋው ሰው ቆሞ አየኝ።

እትዬ ጫልቱን አመሰግናለሁ፤ ሕመሜን ካወቁ በኋላም ወተቱን በዚያው በራሳቸው ኩባያ ነው የሰጡኝ። ዶክተሩን አመሰግናለሁ። ጽጌንም፣ ከነካውያዋ።

ይህን የምታነቡ፣ የሚቆይ ሳልን ብርድ ነው ብላችሁ እንደ እኔ አትለፉት፤ ቤታችሁ ያለውን የሚያስል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። መድኃኒቱን ጀምራችሁ ከሆነ፣ ሲሻላችሁ ክኒኑን አታቋርጡ። አንድ ቀን ብትቀሩ ደግሞ፣ አፍራችሁ ሁለተኛውን እንዳትደግሙት። በማግስቱ ሂዱ። ነርሷ ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ! ተቆጥታም መድኃኒታችሁን ትሰጣችኋለች።