ባዶውን የማይመለስ ከረጢት

በሕይወቴ ብዙ ነገር እሆናለሁ ብዬ አስቤያለሁ፤ የአክታ ከረጢት ንድፍ አውጪ እሆናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ሥራዬ ላብራቶሪ ነው፤ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የገጠር ጤና ጣቢያ። ቲቢ የተጠረጠረ ሰው ሲመጣ አክታውን ክዳን ባላት ትንሽ ብልቃጥ እንቀበልና፣ መመርመሪያው ማሽን ያለው ፍኖተ ሰላም ስለሆነ፣ በሚኒባስ እንልካለን። በእኛ ሚኒባስ ላይ አክታ ከቅቤ፣ ከዶሮና ከሰው እኩል ተሳፋሪ ነው።

ችግሩ ከረጢቱ ነበር። የሚላክልን የናሙና ከረጢት አንዴ ከታሸገ ሳይቀደድ አይከፈትም። መንገዱ ላይ ኬላ አለ፤ ኬላው ላይ ፍተሻ አለ፤ ፈታሽ ደግሞ የታሸገ ነገር ሲያይ አያስችለውም። አንድ ቀን እኔው ይዤ ስሄድ ማንኩሳ ሳንደርስ አስቆሙን።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«አክታ።»

«የማን?»

«የበሽተኛ።»

«ክፈችው።»

ከፈትኩት። ጎንበስ ብሎ አየና አፍንጫውን ይዞ «ዝጊው! ዝጊው!» እያለ ጮኸብኝ። የተቀደደ ከረጢት በምን ይዘጋል? በፌስታል ቋጠርኩት። መኪናው ሲንጠን የብልቃጧ ክዳን ላልቶ፣ ፍኖተ ሰላም ስደርስ ግማሹ ፌስታሉ ውስጥ፣ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ነበር። የላብራቶሪው ባለሙያ «ፈስሷል፣ አንቀበልም» አለኝ። በሽተኛው እንደገና ይጠራል፣ እንደገና ይስላል፣ እንደገና ይፈስሳል። ደሜ ፈላ። እኔ ደግሞ ከተናደድኩ ነገር አልተውም።

ቤታቸው ከጤና ጣቢያችን ማዶ ሆኖ ቡሬ ገበያ ሻርፕና ሂጃብ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ሻርፖቹ የሚመጡበት ላስቲክ አፉን በጣት ሲጫኑት ግጥም ይላል፣ ሲስቡት ይከፈታል። ባዶ ባዶውን እንዲሰጡኝ ጠየቅኳቸው።

«ምን ልታደርጊበት ነው ልጀ?»

ነገርኳቸው። «ይኸን የመሰለ ላስቲክ? የሴት ጌጥ የመጣበት?» ብለው ከልባቸው ካዘኑ በኋላ ክምሩን አስታቀፉኝ።

ሱቃቸው በረንዳ ላይ መኪናውን የዘረጋ ልብስ ሰፊ አለ። ላስቲኩን ደራርቦ ጠርዙን በካውያ እንዲያጣብቅልኝ ለመንኩት። ውስጠኛው ኪስ ለብልቃጡ፣ ውጭኛው ለወረቀቱ፣ መሃሉ ላይ ቢፈስ የሚመጥ ጥጥ። በጥሞና ሰማኝና ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ «ለወንድ ነው ለሴት?» አለኝ።

የተሠራ ነገር መፈተን አለበት። ሚኒባስ ላይ ሰው እቃ ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ከረጢቱ መቀመጥን መቻል አለበት። ብልቃጧን ትቼ በቀይ ቀለም የበጠበጥኩትን ውሃ እንዳለ ከረጢቱ ውስጥ ሞላሁና የጣቢያችን ኃላፊ ስብሰባ በሚመሩበት ወንበር ትራስ ስር አስገባሁት። የእሳቸው ስብሰባ ፍኖተ ሰላም አድርሶ ይመልሳል። የመጀመሪያው ከረጢት ሁለተኛው አጀንዳ ላይ ተሸነፈ። ኃላፊያችን ሲነሱ የሱሪያቸውን ነገር ያየ ሁሉ ክው አለ፤ አንዷ ነርስ አልጋ ልታዘጋጅ ሮጠች። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «በየት በኩል ነው የፈሰሰው?» ሆነ። ለምን ከሥራ እንዳላባረሩኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ጠርዙን ሁለት ጊዜ ያስተኮስኩት ሁለተኛው ከረጢት ግን እስከ «ልዩ ልዩ» ድረስ ጸና። በእሱ መላክ ጀመርን፤ ለበሽተኛውም ብልቃጧን በእሱ አድርገን ወደ ቤቱ እንሰጠው ጀመር።

ኬላው ላይ ያ ፈታሽ ከፈተው፣ ዘጋው፣ መልሶ ከፈተው። ደስ አለው። ጓደኞቹን ጠርቶ አሳየ። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ይዞ እስኪጫወቱ ጠበቀ። ወሬው ገጠር ሲገባ ደግሞ ሳል የሌለበት ሰው ሁሉ መሳል ጀመረ፤ ለካስ ስልክና መታወቂያ ከዝናብ የሚከልል ላስቲክ ፍለጋ ነው።

ከዚህ ሁሉ አስመሳይ መሃል የሻርፕ ነጋዴዋ የምር ይስሉ ነበር። ከስተዋል፤ ሌሊት ያልባቸዋል። በዚያው ሰሞን ልጃቸው ብዙ ዓመት ተለምኖ የመጣ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ውጤታቸው ሳይታወቅ ወደ አራሷ ክፍል እንዳይገቡ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

«ስሙ የሚወጣበት ቀን እኮ ደረሰ» አሉኝ። «ሳላቅፈው ስም ሊወጣለት ነው?»

«ውጤቱ ቶሎ ይመጣል እትየ። ነገ ጠዋት እንደተነሱ ከደረትዎ ስለው ያምጡልኝ» ብዬ ብልቃጧን በከረጢት ሰጠኋቸው።

በማግሥቱ አመጡ። ወረቀቱ በኪሱ፣ ብልቃጧ በቦታዋ፣ አፉ ግጥም። አዘጋጉ እንዲህ ያማረ ናሙና አይቼ ስለማላውቅ ከረጢቴን ሳደንቅ ውስጡን አላየሁም። ሰደድኩት።

ከሰዓት በኋላ ከፍኖተ ሰላም ስልክ ተደወለ።

«እህቴ፣ የላክሽው ናሙና ማር ነው።»

«ቀምሰኸው ነው?»

«ኧረ አልቀመስኩም! ክዳኑን ስከፍተው ንብ መጣብኝ። በጭምብልና በጓንት ሆኜ ከንብ ጋር ስታገል ነው የዋልኩት። ባለፈው ሽምብራ ቆሎ ስትልኩ ዝም ብለን ነበር፤ አሁን ግን አበዛችሁት።»

እየበረርኩ ቤታቸው ሄድኩ። ምንም አልደነገጡም።

«ምን ላርግ ልጀ? ጠዋት ብስል ብስል ደረቅ ነው፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። የሰው ዕቃ ታዲያ ባዶውን ይመለሳል? እኔ እንዲያ ሆኘ አላደግሁም። ማሩ ንጹሕ ነው፤ ያን ሰውየ ሳይሰጋ ይብላ በይው።»

እኔም እዚሁ ነው ያደግኩት። ጎረቤት በሳህን የሆነ ነገር ቢልክ ሳህኑ ባዶውን እንደማይመለስ አውቃለሁ። ከረጢቱን ለፀሐይ፣ ለኬላና ለተሳፋሪ መቀመጫ ሳዘጋጅ ጨዋነት ይመጣብኛል ብዬ ግን አላሰብኩም። ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ። ስሙ የሚወጣው በማግሥቱ ነበር።

ወዲያው ጤና ጣቢያው ጓሮ ይዣቸው ሄድኩ፤ ፀሐይ ላይ ቆመው ሙቅ ውሃ እየጠጡ ይስሉ ጀመር። ወረፋ የሚጠብቀው በሽተኛ ሁሉ ወጥቶ፣ ከሩቅ ቆሞ «አይዞዎት! በርቱ!» ይላል። በመጨረሻ ሲሳካላቸው አንዷ ነፍሰ ጡር እልል አለች። እሳቸው ግን ብልቃጧን ሲሰጡኝ «ይኸን ለሰው መስጠት!» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ናሙናው በመጨረሻው ሚኒባስ ሄደ። ተከፍቶ ተዘግቶ፣ ጠብታ ሳይጎድል ደረሰ። ጠዋት ተደወለልኝ፤ ቲቢው ተገኝቷል። ከረጢቱ ሠራ ማለት ነው። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ነገርኳቸው። መድኃኒቱን ዛሬውኑ እንደሚጀምሩ፣ እንደሚድኑ፣ ሕፃኑን ለማቀፍ ግን ሳምንታት እንደሚቀራቸው። «ስሙ እንዳይዘገይ ብቻ» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ቤት በግ ታርዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ስሙ ወጣ። እሳቸው ጭምብል አድርገው ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሰሙ። ሲያዩኝ በእጃቸው ጠሩኝ።

«አንች ግቢ። እቀፊውና ነይ።»

ገባሁ። አራሷ ሕፃኑን ሰጠችኝ። ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ ጣል አድርጎ ሹራቤን ጨምድዶ ያዘ። ብዙ አልቆየሁም፤ ውጭ የሚጠብቁኝ ሰው አሉ።

«ክብደቱስ?» አሉኝ ስመለስ።

«ደህና ነው፤ ይከብዳል።»

«ሽታውስ?»

ምን ይባላል? ሹራቤን አወለቅኩና አጥሩ ላይ ሰቅዬ ራቅ አልኩ። መጥተው አነሱት። ጭምብላቸውን ዝቅ አድርገው ጭንቅላቱ ያረፈበትን ቦታ ፈልገው አገኙት፤ አፍንጫቸውን ቀብረው ቆዩ። ሳል ሲመጣባቸው ሹራቡን በክንዳቸው ርዝመት አራቁት፣ ዞረው ሳሉ፣ መልሰው አስጠጉት።

«እናቱም እንዲሁ ነበረች» አሉና ሹራቡን እንደታቀፉ አጥሩ ስር ተቀመጡ።