ትከሻ ላይ ተቀመጠ የተባለው ሐዘን

የመሥሪያ ቤታችን የሰው ሀብት ክፍል ሠራተኛው ተጨንቋል ብሎ ሲያስብ ሥራ አይቀንስም፤ አሰልጣኝ ያመጣል። ባለፈው ዓመት ያመጣብን ወጣት ነጭ በነጭ የለበሰ፣ ጫማውን አውልቆ የሚያስተምር ነበር። ኡራኤል አካባቢ ባለ የሆቴል አዳራሽ በክብ አቆመንና፣ «አእምሮ ይዋሻል፤ ሰውነት ግን አይዋሽም። ስሜታችሁን የምናክመው በሰውነታችሁ በኩል ነው» አለን።

እኔ የካዛንቺሱ ቤታችን ፈርሶ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጥቂት ወራት ሆኖኝ ነበር። አንገቴ አልዞር ብሎኛል። አሰልጣኙ ጣቱን አንገቴ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ።

«እዚህ ጋ ያልተለቀሰ ለቅሶ አለ።»

«ያለው የታክሲ ሰልፍ ነው» አልኩት።

ሰው ሳቀ። እሱ ግን በሐዘኔታ አየኝ። «ቀልድ መደበቂያሽ ነው» አለ። ለሁሉም መልስ አለው፤ ካለቀስሽ ድነሻል፣ ካላለቀስሽ ታፍነሻል።

ቀጥሎ «አራግፉት!» ብሎ አዘዘ። ሥራ አስኪያጃችን ከነከረባቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቃ እየተንቀጠቀጠ ዝም ብሎ የሚቆም ሠራተኛ የት አለ? ሁላችንም ተንቀጠቀጥን።

ከመካከላችን ትልቋ ገንዘብ ያዣችን ናቸው፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ዓመት ስላልሞላ ጥቁር እንደለበሱ ነበር። አሰልጣኙ ሲያያቸው ፊቱ በራ።

«እማዬ፣ የሚያምዎ የት ነው?»

«ግራ ትከሻዬን ከጠዋት ጀምሮ ይዞኛል፤ እስከ መንጋጋዬ ይጠዘጥዘኛል።»

«እሱ ሐዘንዎ ነው። አይሽሹት፣ በደንብ ይተንፍሱ።»

ምንጣፍ ላይ አስተኛቸው። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። «አያችሁ? እየለቀቀ ነው!» ብሎ ጮኸ። ተጨበጨበ። እኔም፣ ሁሉንም የምንቀው ሴትዮ፣ አጨበጨብኩ።

እትዬ እጄን ጎተት አደረጉ። «ልጄ፣ ትንፋሽ አጠረኝ» አሉና አስመለሳቸው። አሰልጣኙ «ሂደቱን አናቋርጥ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ገፍቼው አለፍኩና ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ደግፈን አወጣናቸው፤ ያገኘነውን የመጀመሪያ ታክሲ አስቁመን ሆስፒታል ወሰድናቸው።

የልብ የደም ሥር ተዘግቶባቸው ነበር። ወዲያው ተከፈተላቸውና ተረፉ። ለሐኪሟ የሆነውን ስነግራት ጥርሷን ነከሰች። «ሐዘን በሰውነት ላይ ይወጣል፣ ውሸት አይደለም» አለችኝ። «በዚያ መንገድ በደንብ የሚያክሙ ባለሙያዎች አሉ። የተማረ ሰው ግን እንዲህ ያለ ሕመም ሲነገረው መጀመሪያ ወደ እኛ ይልካል።»

የእኛው አሰልጣኝ የተማረው ሁለት ሳምንት ብቻ መሆኑን ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ደውሎ «ሰውነታቸው ተናግሯል» አለኝ። «ተናግሯል፤ አንተ ነህ ያልሰማኸው» ብዬ ዘጋሁበት። ሰው ሀብት ደግሞ «ያልተጠበቀ አጋጣሚ» ብሎ ሪፖርት ጻፈ። ሰውዬውን በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ኃላፊዎችን ብቻ እንዲያሰለጥን ጠሩት። ይገባቸዋል።

እትዬ ከሁለት ወር በኋላ ሥራ ገቡ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰነድ ስወስድላቸው፣ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ማንም «ይተንፍሱ» አላላቸውም። በሩን ዘግቼ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ባለቤታቸው አንድ ሰዓት ያህል አወሩኝ፤ እኔም ስለ ድሮው ሰፈሬ ነገርኳቸው። ሰው ሲያንኳኳ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና «ግቡ» አሉ።