ረግረጉ ዳር የጮህኩ ዕለት

ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ነው፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። እንዲህ ያለ ሰው መታረም አይወድም። ልጆቼን እኔ ሳርም ኖርኩ እንጂ፣ እስከ ረግረጉ ጉዳይ ድረስ፣ ከመካከላቸው እኔን ያረመኝ አልነበረም።

ረግረጉ ከሸዋ ሮቢት በታች፣ ከማሾ ማሳዬ አጠገብ ነው። ከብት እንዳይገባበት፣ ማረሻ እንዳይነካው ሰፈሩ ተስማምቶ ከከለለው ሦስት ክረምት አልፏል። ሣሩን በማጭድ አጭዶ መሸከም ግን ይፈቀዳል። ጠባቂዋ ትልቋ ልጄ ናት። ዘንድሮ አንዳንዱ ሰው፣ "ለወፍ ከምንተወው ማሾ እንዝራበት" ማለት ጀመረ። አልዋሽም፣ አንዱ እኔ ነበርኩ። ልጄ ሽማግሌዎቹን፣ "ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ጠዋት መጥታችሁ እዩት" ብላ ለመነች።

ሄድን። ቄሱም ሼሁም ነበሩ። ደንገሉ ዳር ስንደርስ ልጄ በእጇ ዝም በሉ አለችን። ወዲያው ወፉ ከደንገሉ ውስጥ እንደ ደመና ብድግ አለ። እኔ ሳላስበው ጓል አንስቼ፣ "ሃይ! ሃይ!" ብዬ ወረወርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማሽላ ከወፍ የጠበቅሁበት እጅ ነው። ዳክዬውም ሽመላውም ተነስቶ ሄደ፤ ውሃው ባዶ ቀረ።

ሼሁ ሳቁ። "አንተ ሰው፣ የማሽላህ ማማ ላይ ያለህ መሰለህ እንዴ?"

"በቃ፣ አየነው፤ እንመለስ" አሉ ቄሱ።

የልጄ የሦስት ዓመት ልፋት በእኔ አንድ ጓል ሊያልቅ ነው። እሷ ግን አልተደናገጠችም።

"አባዬ፣ እዚህ ማሽላ የለም። ይቀመጡ። እናንተም ተቀመጡ፤ ወፎቹ ይመለሳሉ።"

በሰው ፊት እንዲህ ያለኝ የለም። ደሜ ፈላ። ግን እውነቷን ነበር፤ ተቀመጥኩ። እኔ ስቀመጥ ሌሎቹም ተቀመጡ።

ፀሐይዋ ጀርባችንን እስክትፈጅ ጠበቅን። መጀመሪያ አንድ ሽመላ ተመልሶ አንገቱን ሰብስቦ ቆመ። ዳክዬዎቹ ተከተሉ። አንዷ ጫጩቶቿን አስከትላ አጠገባችን ባለው ውሃ አለፈች። ዕድሜዬን ሙሉ ያባረርኩትን ፍጥረት ቁጭ ብዬ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። "ይታረስ ስትል ነበር። አሁንስ?"

"እንደተከለለ ይቆይ" አልኩ።

ሽማግሌዎቹም እንዲሁ ብለው መረቁ። ልንነሳ ስንል ሼሁ፣ "ለመሆኑ ይቺ የማን ልጅ ናት?" ብለው ቀለዱብኝ።

"የእኔ ናታ!" አልኩ፤ ድምፄ ከጠዋቱ አላነሰም።

ልጄ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። "ቀስ ይበሉ አባዬ፣ ወፎቹ።"