የአቶ ገመዳ «እሺ»

ሥራ የጀመርኩ ቀን መጋዘኑ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፤ ባለቤቱ ዳን፣ ማሽኑ ላይ ቡና የሚቆላው ሆሴ፣ እኔን ያስቀጠረችኝ ጎረቤቴ ብርቄና እኔ። ቦታው ዴንቨር አጠገብ ያለችው አውሮራ ከተማ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ነው። ዛሬ ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ሰፈር ያኔ ገና ስቴፕልተን ይባል ነበር፤ ብዙዎቹ ደንበኞቻችን እዚያ ነበሩ።

ዳን ጥሬ ቡና ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ የተበላሸውን እንድለቅም ነገረኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም አዲስ አበባ ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ለቃሚ ስለነበርኩ እጄ ሥራውን ያውቀዋል። ጥቁሩን፣ የነቀዘውን፣ የተሰበረውን ለየሁ። የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ምድጃዬን ማጥፋቴን እርግጠኛ አልነበርኩም።

«አጥፍተሽዋል» አለችኝ ብርቄ። «እኔው ፊት ሦስቴ ነክተሽዋል።»

በዚያው ሳምንት ሆሴ የቆላው ቡና ቀላ ብሎ ሳየው አልበሰለም ብዬ መለስኩለት። ሳቀብኝ። ለካ ደንበኞቹ የሚወዱት እንደዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመንካቴ በፊት መጠየቅ ልማዴ ሆነ። ያልጠየቅኩት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ቡና ሲገዛ መነሻው ኒውዮርክ ገበያ ላይ የሚወጣው ዋጋ ነው። ጥሩ ቡና ከሆነ በዚያ ላይ ይጨመርለታል። ኒውዮርክ ሲወርድ ግን የገበሬው ወጪ አብሮ አይወርድም። ይህን ያስረዱኝ አቶ ገመዳ ናቸው። በጉጂ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሲሆኑ፣ ለኤግዚቢሽን አሜሪካ መጥተው ዳንን ሊያገኙ ዴንቨር አለፉ። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ዳን አስተርጉሚ ብሎ ጠራኝ።

ዳን ገበያው ስለወረደ ለመጪው ምርት ከአምናው ዝቅ ያለ ዋጋ አቀረበ። አቶ ገመዳ የለቃሚ ክፍያ መጨመሩን፣ ጎረቤቶቻቸው ቡናቸውን እየነቀሉ ጫት እየተከሉ መሆናቸውን ነገሩት።

«ኒውዮርክ ሲወርድ ዳገታችንም አብሮ ይወርዳል ወይ በይልኝ» አሉኝ።

አልኩላቸው። ዳን ፈገግ አለ እንጂ ዋጋውን አልነካም። አቶ ገመዳ ወደ ጆንያዎቹ ዞር ብለው «እሺ» አሉ።

እኔ «የስ» አልኩ።

ዳን ተነሥቶ እጃቸውን ጨበጠ። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ አዩ። እኔ ሰዓት እያየሁ ነበር፤ ልጄ ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ደርሷል። «እሺ» ሰምቻለሁ ማለት ብቻ ሊሆን እንደሚችል አጥቼው አይደለም። ሞንትቤሎ ሰፈር፣ ቤታችን ውስጥ ልጄ «እሺ ማሚ» ትለኛለች፣ ሳህኑም እንደቆሸሸ ይከርማል። ንግግሩ እንዲያልቅ ፈልጌ ነው።

በዓመቱ ቡናው አልመጣም። ዳን አቶ ገመዳ ቃላቸውን ያጠፋሉ ብሎ እንዳልጠበቀ ለሁላችንም ነገረን። ሁለት ቀን ዝም አልኩ፤ ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ። በሦስተኛው ቀን ቢሮው ገባሁ።

«አቶ ገመዳ ቃላቸውን አላጠፉም» አልኩት። «ያሉት ሰምቻለሁ ነው። ተስማምተዋል ያልኩት እኔ ነኝ።»

ዳን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እምቢ ማለታቸው መሆኑን ባውቅ ኖሮ እጨምር ነበር» አለኝ።

አላባረረኝም። የተሻለ ዋጋ ጽፎ ላከ፤ መልስ አልመጣም። ስልካቸውም አይጠራም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ገዢና ሻጭ አስተርጉሜያለሁ። «እሺ» ሲሉኝ፣ ተስማምተው ነው ወይስ ሰምተው ብቻ ብዬ እጠይቃለሁ። መጠየቁ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ለሥራው አዲስ የሆናችሁም እንደዚያ አድርጉ።

ከጉጂ በኩል የመጣ፣ ወይም እዚያ ዘመድ ያለው ካለ፣ አቶ ገመዳ ደህና መሆናቸውንና ቡናቸው እስካሁን መኖሩን ይንገረኝ።