«በሞቴ» የማይባልበት በረንዳ

ስልኬ የጠራው ከቅዳሴ ወጥቼ ጫማዬን ሳጠልቅ ነው። የማላውቀው ቁጥር ነበር።

«የግዛቸው እህት ነዎት?» አለ አንድ የወጣት ድምፅ። «ከመተማ ዮሐንስ ነው የምደውለው። ኮንስታብል ዘላለም እባላለሁ።»

ፖሊስ ሲደውል ልብ አስቀድሞ ወደ መቃብር ይሮጣል። ግንቡን ተደግፌ «ሞተ?» አልሁት።

«ኧረ በሕይወት አለ! ግን ውሎ አዳሩ መንገድ ዳር ሆኗል፤ ከአረቄ ጋር። እሑድ የከተማው ሰው በመንገድ ላይ መጠጥ ጉዳይ ሊመክር ነው። ‹ዋስ የሌለው ወደመጣበት ይሸኝ› የሚሉ አሉ። ሰው እንዳለው ይታወቅለት ብዬ ነው የደወልሁ።»

ግዛቸው ታናሽ ወንድሜ ነው። ከሳንጃ ወደ መተማ የወረደው በትራክተር ረዳትነት ሲሆን ኋላ ሹፌር ሆነ። እኔ ባሌን ተከትዬ ጅማ ገባሁ፤ የተማሪ ልብስ እየሰፋሁ እኖራለሁ። እናታችን ያረፈች ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ነበርና ሁለታችንም ለቀብሯ አልደረስንም። ከዚያ ወዲህ ነው ስልክ ማንሳት የተወው።

ባሌ «ሂጂ፣ አምጪው» አለኝ። ዳቦ ቆሎ ቆላሁ፤ ከደብራችን ጠበል በሃይላንድ ጠርሙስ ቀዳሁ። አንድ ነገር ደግሞ በሆዴ ያዝሁ፤ አረቄ የምትሸጥለት አንዲት ሴት አትጠፋምና፣ እሷን ፊት ለፊት የምናገራት ንግግር። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም እስከ ጎንደር በልቤ ስለማመደው ነው የሄድሁ።

ከጎንደር ቁልቁል

ከጎንደር መነኸሪያ በማለዳ በሚኒባስ ወጣን። አዘዞን አልፈን አይከል ስንደርስ ብርዱ ገና ነበር፤ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤአለሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ በየጠመዝማዛው አንድ አንድ ልብስ ያስወልቃል። መጀመሪያ ጋቢው፣ ከዚያ ሹራቡ። ነጋዴ ባሕር ስንደርስ ሁሉም ሰው መስኮት ለመክፈት ይታገል ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠው ለአጨዳ የሚወርድ የጎጃም ሰው ነው። ዳቦ ከስልቻው አውጥቶ ቆረሰና ዘረጋልኝ።

«እግዜር ይስጥህ፤ ጾም ነኝ፤ ሰዓቴ አልደረሰም» አልሁት።

«የጾም ዳቦ እኮ ነው እህቴ!»

«አውቃለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምቆየው።»

«ኸረ በሞቴ! አፈር ስሆን፣ ቁራሽ ብቻ። መንገደኛ ነሽ፤ እግዜር ያውቃል።»

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። እኔ ሰዓት አክባሪዋ፣ በኅዳር ጾም በረፋዱ፣ «በሞቴ» ያለኝን የማላውቀውን ሰው እምቢ ማለት አቃተኝና ቆርሼ ጎረስሁ። እሱ ደስ አለው፤ እኔ ሁለት ኬላ እስክናልፍ ድረስ በልቤ ይቅርታ ስለምን ቆየሁ።

የቆላው አዝመራ ደርሷል። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ በነዶ ቆሟል፤ ማሽላው ራሱን ደፍቶ አጫጅ ይጠብቃል። የዕጣን ዛፎች ቅርፊታቸው እንደ ወረቀት እየተላጠ በጭንጫው ላይ ዘርዘር ብለው ይታያሉ። ሠራተኞች የጫነ ተጎታች እየጎተተ ትራክተር ባለፈን ቁጥር አንገቴን አውጥቼ የሹፌሩን ፊት አያለሁ። እሱ እንዳልሆነ እያወቅሁ ነው የማየው።

ገንዳ ውሃ ለምሳ ወረድን፤ ሰዓቴ አንዴ ፈርሷልና እኔም ቀረብሁ። በሰሊጥ ዘይት የተሠራ ሽሮ ቀረበ፤ እንዲህ ያለ ሽሮ ከልጅነቴ ወዲህ አልቀመስሁም። የጎጃሙ ሰው ወደ ሽንፋ የሚሄድ መኪና ሊፈልግ ተሰናበተኝ። «ወንድምሽን ሳሚልኝ» አለ፤ ነገሩን በመንገድ አጫውቼው ነበርና።

ጠበልና አረቄ

መተማ ዮሐንስ ስወርድ ሙቀቱ እንደተከፈተ ምድጃ ፊቴን መታኝ። ሻንጣዬን ከማውረዴ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረ ጎልማሳ መጣ። የሰፈር ጥበቃ ነው።

«እናቴ፣ ይቺ ሃይላንድ ምን ይዛለች?»

«ጠበል።»

ፈገግ አለ። «እዚህ አገር ሁሉም የያዘው ጠበል ነው። ትናንት አንዱ ጠበል ጠጥቶ ቦይ ውስጥ ነው ያደረ።»

በሕይወቴ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም። ነጠላዬን ሳስተካክል አንድ ቀጭን ፖሊስ እየሮጠ ደረሰ። ዱላ አልያዘም። ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተና ወዲያው ባርኔጣውን አወለቀ።

«የግዛቸው እህት! ይቅር ይበሉን። አረቄውን በሃይላንድ እያዞሩ አስቸግረውን ነው። እንዲያውም እኔንም ይርጩኝ፤ ስካር ሳሸት ነው የምውል።» ዘላለም ነበር፤ እንደምደርስ ደውዬለት ነበርና። ያኔ ሳቄ መጣ፤ ረጨሁትም። ጎልማሳውም ከኋላ አንገቱን አስግጎ «እኔንስ?» አለ።

ዘላለም እየመራኝ ሄደ። በየደጁ ቆሞ ሰላም ይላል፤ የማንን ልጅ ማን እንደመታው፣ የማን ባል እንዳልገባ ይጠይቃል። «ማሰር ቀላል ነው» አለኝ። «አስረን ስንፈታው ተመልሶ እዚያው በረንዳ ላይ ነው። ስለዚህ ሥራችን ከበረንዳው ጋር ሆነ።»

በረንዳው የሐጂ ኑሩ ነው። ሐጂ ጨርቅና መለዋወጫ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። በሰፊው የበረንዳቸው ጥላ ሥር ጥቂት ሰዎች ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። አንዱ ሲያየኝ ተነሣ። ትከሻው አጥንት ብቻ ቀርቷል። ብርጭቆውን ከጀርባው ደበቀ።

«እታለም» አለኝ።

በዚህ ስም የሚጠራኝ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ቀርቷል። አቅፌው ቆየሁ። ሽታውንም አልሸሸሁትም።

ሐጂ ከውስጥ ሆነው «ማሻአላህ፣ ሰው መጣለት!» አሉ። «በረንዳውን ለደንበኛ ጥላ ብዬ አሠራሁት፤ እነዚህ መጠጥ ቤት አደረጉብኝ፤ ያውም ያለ ኪራይ!»

ንግግሬ የጠፋበት ቤት

አረቄ ሻጯ ወይዘሮ ስንዱ ትባላለች፤ ቤቷ ከሐጂ ሱቅ ጀርባ ነው። የተለማመድሁትን ይዤ ገባሁ። እግሯ አብጦ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«አንቺ ነሽ አይደል ወንድሜን . . .» ብዬ ስጀምር፣ «መጣሽ?» አለችኝ። «ተመስገን! ቁጥርሽን ለዘላለም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ወንድምሽ ስልኩ ሳይጠፋ አጽፎኝ ነበር፤ ‹አንድ ነገር ብሆን ለእታለም ንገሪልኝ› ብሎ።»

ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ ያንን ቀይ የአበባ ሻይ፣ ቀድታ ሰጠችኝ። ልክ እንደ ሱዳኖቹ በረዶ ጨምራበታለች።

«ለሱ መሸጥ ካቆምሁ ቆየሁ» አለች። «ቤቴ እህል ይበላል፤ አረቄ ግን አላስነካውም። የሚያገኘው ከጓደኞቹ ነው። ሰድበሽኝ ከሆነ የመጣሽ ስደቢኝ፤ ግን መጀመሪያ ጠጪ፤ ፊትሽ ቀልቷል።»

ያ ሁሉ ንግግር ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ከርከዴውን ጠጣሁ።

እሑድ፣ ራኩባው ሥር

ራኩባ እዚህ የሣር ዳስ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ተሰበሰበ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያ፣ አረቄ ሻጮች፣ ጠጪዎቹም ጭምር። ዘላለም ተናገረ፦ መንገድ ላይ መጠጣት ከዛሬ ይቆማል፤ ሻጭም በደጅ አይቀዳም፤ መንገድ ላይ ለወደቀ ሁሉ አንድ ዋስ ይቁምለት። «ዋሱ ግን በየቀኑ የሚያየው ሰው ይሁን» አለ።

የግዛቸው ስም ሲጠራ ተነሣሁ። «እኔ አለሁለት።»

አንድ ሽማግሌ «የት ነው ኑሮዎ?» አሉኝ።

«ጅማ።»

«በየቀኑ ከጅማ ሊያዩት? ምን ያለ መነጽር ቢኖርዎ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ወስጄው ልሂድ ብዬ ወደ ግዛቸው ዞር ስል አንገቱን ደፋ።

«እታለም፣ ጅማ ሄጄ ያንቺ ታማሚ ነው የምሆነው። ሥራዬ እዚህ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ።

ያኔ ስንዱ እግሯን እየጎተተች ተነሣች። «እኔ ዋሱ ነኝ።»

«ጅብ ለሥጋ ዋስ ሆነ!» ተባለ።

«አዎ፣ ሻጭ ነኝ!» ብላ ዞረችባቸው። «ማን ስንት እንደሚችል፣ ማን የት እንደሚወድቅ ከእናንተ ማን ያውቃል? ስትወድቁ ማን ነው እየጎተተ ከፀሐይ የሚያስገባችሁ?» ያሾፈውን ሰው በስሙ ጠርታ «አንተንም ጨምሮ!» ስትለው ራኩባው በሳቅ ተናወጠ።

ሽማግሌው ግዛቸውን «አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት።

ተነሥቶ ተናገረ። «አረቄውን እምቢ ማለት እችላለሁ። የማልችለው ‹በሞቴ› ሲሉኝ ነው። እናቴ ‹በሞቴ ብላ› ስትለኝ እምቢ ብያት አላውቅም። አሁን ማንም እንደሷ ሲለኝ እጄ በራሱ ይዘረጋል።»

ሳቁ ቆመ። እኔ በጎጃሙ ሰው ፊት የተዘረጋው እጄ ትዝ አለኝና ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ወሰድሁ።

ሐጂ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ በእኔ በረንዳ ‹በሞቴ› ክልክል ነው!»

«ሐጂ፣ በሞቴ፣ አያክርሩት!» አለ አንዱ ጠጪ፤ ሐጂ ራሳቸውም ሳቁ። ሳቁ ሲያልፍ ግን ሽማግሌው ሁሉንም አስነሥተው ቃል አስገቡ፦ መጠጥ ይዞ «በሞቴ» የሚል የለም፤ ምግብ ይዞ እንደልቡ ይበል።

ሐጂ ደግሞ «ትራክተሬ ሹፌር አጥቶ ቆሟል» አሉ። «ቁልፉን ዛሬ አልሰጥህም፤ መጀመሪያ ዘይቱን ቀይር፣ ማጣሪያውን እጠብ፤ በኋላ እናያለን።» በማግስቱ ጠዋት ላየው ሄድሁ። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ፣ የሞተሩን ቡሎን ይፈታ ነበር። የጤና ባለሙያው ከጎኑ ተቀምጧል፤ ስንዱ በጣሳ ውሃ ይዛለች።

ጅማ

ብቻዬን ተመለስሁ። ጠበሉን ለስንዱ ሰጠኋት፤ «ከየትኛው ጠርሙስ እንደምትቀጂለት ልብ በይ» ስላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሽቅብ ስንወጣ ያወለቅሁትን ልብስ በየጠመዝማዛው መልሼ ለበስሁ፤ አይከል ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ሳለ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ወንድሜን ከክፉ ሰዎች መሀል ልነጥቅ ነበር የወረድሁት። ለካስ በሩቅ ሆኜ ስጸልይለት፣ ጸሎቴን እየተቀበለ ጎትቶ ከፀሐይ የሚያስገባው ሰው እዚያው ኖሯል።

ዛሬ በሐጂ ስልክ ደወለ። ሲያወራ ትራክተሩ ከኋላ ይንደቀደቃል፤ ግማሹን አልሰማሁትም። «ትናንት ሁለት ሰው ጋበዘኝ፤ ሐጂ በጫማቸው አባረሯቸው» ያለኝን ግን ሰምቻለሁ።

እንግዲህ እሑድ ዕለት ራኩባው ሥር የነበራችሁ፣ በተለይ እናንተ አጠገቡ ስትቀመጡ የኖራችሁ ጓደኞቹ፤ እንደምትወዱት አይቻለሁ፤ ብርጭቆውም ከፍቅር እንጂ ከክፋት አልነበረም። ስታገኙት ሰላም በሉት፣ እጁን ያዙት፣ ዳቦም ቁረሱለት። ያቺን ቃል ግን በመጠጥ ላይ አታንሡበት። እኔ ሩቅ ነኝ፤ ከዚህ ሆኜ እጄን መዘርጋት ብቻ ነው የምችለው። እምቢ አትበሉኝ።

በሞቴ።